ኮከብ ከሜዳው በኋላ፦ ከበረዶ ሰሌዳ እስከ ቢቸናና ሞጣ ጉግስ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



የዛሬው ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ አንዳንድ ባልደረቦቼ ፈገግ ማለታቸውን አይቻለሁ። አልፈርድባቸውም። በረዶ ጤፍና ስንዴ ሲመታ እንጂ ሰው ሲንሸራተትበት ባልታየበት አገር፣ ስለ በረዶ መንሸራተቻ ሰሌዳ መናገር ምን ይባላል? ቋንቋችን ራሱ ለነገሩ ሩቅ ነው። ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠር፣ በማቀዝቀዣ የረጋውን ውኃ፣ በሩቅ አገር ተራሮች ላይ እንደ ባዘቶ የሚነጠፈውን ሁሉ «በረዶ» ብለን እናልፈዋለን። ጮቄ ተራራ ላይ ያደረ ሰው ውርጩንና አመዳዩን ያውቃል፤ ግን ማንም በላዩ ላይ ተንሸራትቶ ሲጫወት አላየንም።

ይሁንና ርእሱን የሰጠኝ የሞጣ ልጅ ነው። ባለፈው ዓመት ከክፍል ስንወጣ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ስልኩን አውጥቶ ተንቀሳቃሽ ምስል አሳየኝ። አንዲት ወጣት በሰሌዳ ላይ ቆማ ከበረዶ ግድግዳ ጫፍ ወደ ሰማይ ትስፈነጠራለች፤ በአየር ላይ ትሽከረከራለች፤ ተመልሳ በእግሯ ታርፋለች። «መምህር» አለኝ፣ «ይህን ነገር መጀመሪያ የጀመሩትን ሰዎች ማን ፈቀደላቸው?» ሣቅሁና አለፍሁ። ጥያቄው ግን አላለፈኝም። የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ተማሪ የዘገየ መልስ ነው።

መልሱ አጭር ነው፤ ማንም አልፈቀደላቸውም። ታሪኩ ግን ረዘም ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1965 የገና ዕለት፣ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት በምትገኘው በመስኪጎን ከተማ፣ ሼርማን ፖፐን የተባለ መሐንዲስ ልጆቹን ለማጫወት ሁለት የበረዶ መንሸራተቻ ጣውላዎችን ጎን ለጎን አያይዞ በላያቸው እንዲቆሙ አደረገ። ባለቤቱ በረዶንና በባሕር ሞገድ ላይ መንሸራተትን የሚገልጹ ሁለት ቃላትን አዳቅላ «ስነርፈር» የሚል ስም አወጣችለት። ነገሩ የልጆች መጫወቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ጄክ በርተን ካርፔንተር የተባለ ወጣት በቨርሞንት ግዛት ይህንኑ መጫወቻ እያሻሻለ መሸጥ ጀመረ፤ በካሊፎርኒያም ቶም ሲምስና መሰሎቹ የየራሳቸውን ሰሌዳ ይሠሩ ነበር። ዛሬ ስኖውቦርድ የምንለው የተወለደው እንዲህ ነው።

ልጁን ግን ተራራው አልተቀበለውም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አብዛኞቹ የአሜሪካ የበረዶ መዝናኛዎች ሰሌዳ የያዘን ሰው አያስገቡም ነበር። ለአደጋ ያጋልጣል፣ መንገዱን ያበላሻል፣ ተጫዋቾቹም ሥርዓት የሌላቸው ናቸው ይባል ነበር። የቨርሞንቱ ስትራተን ተራራ እ.ኤ.አ. በ1983 ከፈቀዱት ቀደምት ትልልቅ ስፍራዎች አንዱ ሆነ። በዩታ ግዛት ያሉት አልታና ዲር ቫሊ፣ በቨርሞንት ያለው ማድ ሪቨር ግሌን ግን ክልከላቸውን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንደ ወግ ጠብቀው ቆይተዋል። የተከለከሉት ወጣቶች ምን አደረጉ? ማታ ማታ በእግራቸው ተራራ ወጡ፤ በረዶውን ቆፍረው የግማሽ ቱቦ ቅርጽ ያለው መወርወሪያ ሠሩ፤ የራሳቸውን ውድድር አዘጋጁ፤ ዳኛውንም ከመካከላቸው መረጡ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የራሳቸው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን እስከ መመሥረት ደርሰው ነበር።

ከዚያ ዓለም ፊቱን መለሰላቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 በጃፓን ናጋኖ ስኖውቦርድ የኦሊምፒክ ውድድር ሆነ። ልብ በሉ፤ የኦሊምፒክ ኮሚቴው ውድድሩን እንዲመራ የመረጠው የተጫዋቾቹን ፌዴሬሽን አልነበረም። ኃላፊነቱን የተረከበው የነባሩ የበረዶ መንሸራተት ስፖርት ፌዴሬሽን ነው። በዘመኑ ከሁሉ ይልቃል ይባል የነበረው ኖርዌያዊው ቴርዬ ሃኮንሰን በዚህ ምክንያት አልወዳደርም ብሎ ቀረ። የመጀመሪያውን ወርቅ ያገኘው ካናዳዊው ሮስ ሬባግሊያቲ ደግሞ በምርመራ የካናቢስ ምልክት ተገኝቶበት ሜዳሊያውን ተነጠቀ፤ ወዲያው በይግባኝ ተመለሰለት። ጨዋታው አደባባይ በወጣ በአራተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ የተጫዋቾቹ ፌዴሬሽን ተዘጋ።

ቀሪውን ታውቁታላችሁ። በናጋኖ አራት ብቻ የነበሩት የስኖውቦርድ ውድድሮች በ2022 ቤጂንግ ላይ አሥራ አንድ ሆነዋል። ሾን ዋይት በ2006፣ በ2010 እና በ2018 ወርቅ ወሰደ። ክሎዊ ኪም በ2018 ገና በ17 ዓመቷ አሸነፈች፤ በ2022ም ደገመችው። የቼኳ ኤስተር ሌዴትስካ በ2018 በአንድ ኦሊምፒክ በሰሌዳም በስኪም ወርቅ አገኘች። ተማሪዬ በስልኩ ያሳየኝ ይህንን የመጨረሻ ምዕራፍ ነው። እኛ ሩቅ ሆነን የምናየው ሁልጊዜ ኮከቡን ነው። ከኮከቡ በፊት የነበረውን የማታ ቁፋሮ ስልኩ አያሳየንም።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ ሜዳ ተገኘ። በሜዳው ላይ ማኅበር ተፈጠረ። ማኅበሩ ሕግ አወጣ። ኮከቡ የመጣው ከሁሉ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ምን እንደሚሆን ለማየት ደግሞ ወደ ራሳችን እንምጣ።

ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄደ። ስኪ የተማረው በኒው ዮርክ ግዛት ሰሜናዊ ተራሮች ነው፤ ለኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲም ተወዳድሯል። ለኢትዮጵያ ለመወዳደር ሲወስን የሚቀበለው ፌዴሬሽን ስላልነበረ የበረዶ መንሸራተት ፌዴሬሽኑን ራሱ አቋቋመ። በ2006 ቱሪን ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሰንደቃችንን ይዞ ሲገባ ኢትዮጵያ በክረምት ኦሊምፒክ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየች። በ2010 ቫንኩቨር ላይም ተመለሰ። ሁለቱንም ጊዜ ቡድኑ እርሱ ብቻ ነበር። አገር ቤት ሲመጣ ጎማ በተገጠመለት ስኪ በአስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር።

የሮቤልን ጽናት ማንም አያቃልለውም። ነገር ግን ከእርሱ በኋላ በሶቺ፣ በፒዮንግቻንግ፣ በቤጂንግ ኢትዮጵያ አልነበረችም። ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ኮከብ ነበረን፤ ሜዳ አልነበረንም። ተከታይ የሚሆነው ልጅ የት ወድቆ የት ይነሣ?

እዚህ ላይ «አበበ ቢቂላስ?» የሚለኝ ይኖራል። በሮም ባዶ እግሩን ሮጦ ሯጭ አገር አላደረገንምን? አድርጎናል። ግን አበበም ከሰማይ አልወረደም። የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ያሠለጥነው ነበር፤ አብረውት የሚሮጡ ጓደኞችና የሚሮጥበት ሜዳ ነበሩት። ማሞ ወልዴ በ1968 ሜክሲኮ ላይ ድሉን መድገም የቻለው ከዚያው ቤት ስለ ወጣ ነው። የመጀመሪያው ኮከብ ሁለተኛውን የሚያስከትለው ሁለቱም የቆሙበት መሬት አንድ ሲሆን ነው።

ሌላ ምሳሌ ላክል። የስኖውቦርድ የቅርብ ዘመድ ስኬትቦርድ ነው፤ በጎማ የሚሄደው የአስፋልት ሰሌዳ። በአዲስ አበባ ወጣቶች ይህን ሰሌዳ ይዘው በየመንገዱ፣ በየሕንፃው ደረጃ ሥር ሲጫወቱ ጥበቃው ያባርራቸው፣ አላፊ አግዳሚው ይገላምጣቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ላፍቶ አካባቢ ባለ የወጣቶች ማእከል ግቢ ውስጥ፣ «ሜክ ላይፍ ስኬት ላይፍ» የተባለ ድርጅትና ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ በጎ ፈቃደኞች ከአገሬው ወጣቶች ጋር ሆነው የኮንክሪት መጫወቻ ሠሩ። እነዚያው የሚባረሩት ልጆች ከዚያ በኋላ ለታናናሾቻቸው አሠልጣኝ ሆኑ። በ2020 ደግሞ ሶስና ቻላና ሚኪ አስፋው የሴቶችን የስኬትቦርድ ቡድን አቋቋሙ። በሳምንት አንድ ጠዋት ሜዳው ለሴቶች ብቻ ይሆናል። ወንድሞቻቸው እያዩ የሚያፍሩ ልጃገረዶች በዚያ ጠዋት ወድቀው ይነሣሉ።

ያ ሜዳ እስካሁን የኦሊምፒክ ኮከብ አላወጣም። አያሳስበኝም፤ ቅደም ተከተሉ ትክክል ነውና። ከዚህ የምንማረው ሁለተኛ ነገር ግን አለ። ሜዳ የሚባለው መሬቱ ብቻ አይደለም። በየትኛው ሰዓት የማን እንደሚሆን መወሰኑም የሜዳው አካል ነው።

አሁን ወደ ቤቴ ልሂድ።

የተወለድሁት ቢቸና ነው። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚደርሰውን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ልጅ ሳለሁ የጥምቀት በዓል ለእኔ ሁለት ነበር፤ ጠዋት የታቦቱ፣ ከሰዓት በኋላ የፈረሱ። ፈረሰኞች በሜዳው ግራና ቀኝ ይሰለፋሉ። ከአንዱ ወገን ጥቂቶቹ ፎክረው ይወጣሉ፤ ከወዲያኛው ወገን አሳዳጆች ዘንግ ይዘው ይከተሏቸዋል። ተሳዳጁ በኮርቻው ላይ ዝቅ ይላል፤ ወይም በፈረሱ አንገት ተጠግቶ ያመልጣል፤ ወይም ጋሻውን ወደ ኋላ መልሶ ይመክታል። መስመሩን ሲያልፍ ተራው ይገለበጣል፤ አሳዳጁ ተሳዳጅ ይሆናል። ጉግስ ይህ ነው።

አጎቴ ፈረሰኛ ነበሩ። ማታ ቤት ሲገቡ እኛን ልጆቹን ሕጉን ያስተምሩን ነበር፤ ፈረሱ በተደናቀፈበት ሰው ላይ ዘንግ አይወረወርም፤ ፈረስ አይመታም፤ ዘንጉ የነካው ሰው ራሱ «ተነካሁ» ይላል እንጂ አልተነካሁም ብሎ አይከራከርም። የተጻፈ አንድ መስመር አልነበረም። ዳኛው ከሜዳው ዳር የተቀመጠ ሽማግሌ ነበር። ከመቶ ዓመታት በላይ የኖረ ጨዋታ በጆሮና በሕሊና ብቻ ተጠብቆ እኛ ዘንድ ደረሰ።

ኮከብም ነበረው። የእኛ ሰው ጀግናውን በፈረሱ ስም ይጠራ እንደ ነበር አስታውሱ። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። የእኛው የቢቸናው አርበኛ በላይ ዘለቀም አባ ኮስትር ነው። ሰውየው የሚታወቀው በተቀመጠበት ነገር፣ ከእርሱ ጋር አንድ ሆኖ በታየበት ነገር ነው። ዛሬ ወጣቶች የሰሌዳን ኮከብ በሰሌዳው ሲያውቁት ባየሁ ጊዜ ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም። የፈረስ ስም ግን በአንድ ቀን አይገኝም ነበር። በሜዳ የተያየ፣ ሲወድቅና ሲነሣ የተመሰከረለት ሰው ያገኘው ነበር።

ዛሬ ያ የልጅነቴ ሜዳ ግማሹ ቤት፣ ግማሹ የባጃጅ መቆሚያ ሆኗል። ከተማ አይደግ የምል ሰው አይደለሁም፤ እናቴም በመጨረሻ ሐኪም ቤት የደረሰችው በባጃጅ ነው። ነገር ግን ሜዳው ሲቆረስ «ጉግሱስ ወዴት ይሂድ?» ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም። እኔም አልጠየቅሁም።

ከእኛ ወደ ምዕራብ፣ በአዊ፣ ጠይቀው ነበር። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል፤ በዓድዋና በኋላም በአምስቱ ዓመት ተጋድሎ ከአርበኞች ጋር የተሰለፈውን ፈረስ ያስባል። አባላቱ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። የማኅበሩ ጥንካሬ የበዓሉ ድምቀት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፈረሰኞቹ በሠርግም በለቅሶም ይገናኛሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ይተዋወቃሉ። ስለዚህ ቴሌቪዥንና ጎብኚ በመጣ ጊዜ ካሜራው ያገኘው በሕይወት ያለ ማኅበር ነው። ጉግስ በቢቸናና በሞጣ ሲቀዘቅዝ በእንጅባራ የገነነው ፈረሱ ስለሚለይ አይደለም።

አሁን ስለ ራሴ የምናገረው አለ፤ ባልናገረው ደስ ይለኝ ነበር።

ከዐሥር ዓመት በፊት አንዲት የሞጣ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ርእስ ይዛ ወደ ቢሮዬ መጣች። በሁለት እጁ እነሴና በእነማይ የጉግስን ያልተጻፈ ሕግ ከሽማግሌዎች አንደበት ልትሰበስብ ነበር። የአምስት አባቶችን ስም በወረቀት ጽፋለች፤ ሁለቱን አስቀድማ አነጋግራቸዋለች። እኔም «ይህ ጨዋታ ነው፤ ቁም ነገር አይወጣውም፤ ንድፈ ሐሳብ ያለው ርእስ ፈልጊ» አልኋት። ወረቀቱን አጥፋ ይዛ ወጣች። በሌላ ርእስ ተመረቀች፤ ጥሩ ውጤትም አገኘች።

ተማሪዬ ያንን ምስል ካሳየኝ በኋላ ለለቅሶ ወደ ሞጣ ሄጄ ነበር። እነዚያን አባቶች አጠያየቅሁ። ከአምስቱ አንዱ ብቻ በሕይወት አሉ፤ ጆሯቸው ደክሟል። ማን እንደ ሆንሁና ከየት እንደ መጣሁ ከፍ ባለ ድምፅ ነገርኋቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ያቺ ልጅስ? እመለሳለሁ ብላን ነበር፤ ለምን ቀረች?» አሉኝ።

እውነቱን ነገርኋቸው። አልተቆጡም። «በል አንተ ጻፈው» ብለው ያስታወሱትን ነገሩኝ። ማን ከማን ወገን እንደሚሰለፍ፣ ዘንጉ ከምን እንጨት እንደሚቆረጥ፣ ያጠፋ ፈረሰኛ ለስንት በዓል እንደሚታገድ ነገሩኝ። ብዙው ላይ ግን «ይህንስ እገሌ ነበር የሚያውቀው» ይሉኛል። እገሌ ከአምስቱ አንዱ ነው፤ ካረፈ ቆይቷል።

ለዚህ ነው ዛሬ ስለ በረዶ ሰሌዳ የማወራው። በእኔ ዘንድ «ቁም ነገር» ለመባል ጨዋታው አስቀድሞ በቴሌቪዥን መታየት፣ ሜዳሊያ ማግኘት፣ በውጭ አገር መጽሔት መጻፍ ነበረበት። የቨርሞንት ተራራ ባለቤቶች ሰሌዳ የያዘውን ልጅ ከበሩ እንደ መለሱት ሁሉ፣ እኔም አንዲት ተማሪ ከቢሮዬ በር መልሻለሁ። ልዩነታችን እነርሱ የመለሱት ልጅ ሌላ ተራራ ማግኘቱ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የሚቀጥለው ዓመት ተመራቂዎች ከፈቀዱ፣ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በሞጣና በዙሪያቸው የጉግስንና የገናን ጨዋታ የቃል ሕግ እንመዝግብ። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ገናን፣ ትግልን፣ ገበጣን፣ የፈረስ ጉግስንና የፈረስ ሸርጥን ሕግ አውጥቶ ያወዳድራል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን አገራዊ ሕግ የየአካባቢውን ሕግ የሚያክለው የየአካባቢው ሕግ አስቀድሞ ሲታወቅ ነው። ከናጋኖ የተማርነውም ይኸው ነው፤ ተጫዋቹ ያልተጠራበት ሕግ ጨዋታውን ያገንነው ይሆናል፤ ባለቤቱን ግን ያሳጣዋል።

ሁለተኛ፣ ሜዳዎቹን በካርታ እናስፍር። የትኛው ሜዳ በየትኛው በዓል ለምን ያገለግል እንደ ነበር፣ ዛሬስ ምን እንደ ሆነ እንጻፍ። መሬት ሲመራ «እዚህ ምንም አልነበረም» የሚል ቃል በሰነድ እንዳይገባ የዩኒቨርሲቲ ሰው ሊሠራው የሚችለው ሥራ ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ኮከብ ለማውጣት አንቸኩል። ፌስቲቫል፣ ሽልማት፣ ካሜራ ጥሩ ነገሮች ናቸው፤ ግን ይድረሱበት እንጂ አይቅደሙ። በሞጣ ዐሥር ፈረሰኞች በየወሩ ተገናኝተው ልጆቻቸውን ቢያስተምሩ በዓመት አንድ ጊዜ ከሚደረግ ትልቅ ትርኢት ይበልጥብኛል። ላፍቶ ላይ ልጃገረዶቹ እንዳደረጉት፣ በባህላችን ሜዳው ዳር ቆመው እልል ሲሉ የኖሩት ሴቶችም ፈረስ የሚጋልቡበት አንድ ጠዋት ይኑራቸው። ይህን ስል የሚቆጡ አባቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ በገና ጨዋታ ጌታም አይቆጣም ያሉት ግን እነርሱው ናቸው።

ያቺን ተማሪ ፈልጌ አገኘኋት። አሁን መምህርት ናት። የአምስቱን አባቶች ስም የጻፈችበት ወረቀት እንዳለ ጠየቅኋት፤ አለ። ሁለቱን ያነጋገረችበት ማስታወሻም አልጠፋም። ሥራውን አብረን እንድንጀምር ጠይቄያት እሺ ብላኛለች፤ ዛሬም በአዳራሹ የመጨረሻ ረድፍ ተቀምጣለች። ስሟን እንዳልጠራ ስለ ነገረችኝ አልጠራውም።

ለሞጣው ተማሪዬም መልሴን ልድገምለት። እነዚያን ልጆች ማንም አልፈቀደላቸውም፤ ግን ተራራው በቦታው ነበር። ፈቃድ ዘግይቶም ይመጣል። ቤት የተሠራበት ሜዳና ያረፉ ሽማግሌ ግን አይመለሱም። በእነርሱ ዕድሜ እንቅደም።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።